ሸራፊት ልጇን ስትፈልግ

«ልጇን እያጫወተችው ነው አይደል?» አለችኝ እንግዳዋ፣ የውሃ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ። ፊቷ በደስታ በርቷል።

ምን ልበላት? ከሩቅ አገር የመጣች፣ ያልኳትን ሁሉ የፈጸመች ጨዋ ሴት ናት። ከታንኳው ስትወርድ ውሃ አላንቦጫረቀችም። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ዝም ብላ ተንሳፈፈች። አላሳደደችም፣ ለመንካትም አልቃጣችም። እኔና ወንድሜ ቩአይ ለእንግዶቻችን የምንነግራቸው ይህንኑ ነው። እናንተ ወደ ዶልፊኖቹ አትሂዱ፣ ከፈለጉ እነሱ ይመጣሉ፤ ካልፈለጉ ደግሞ ቤታቸው ነውና ተዉአቸው። ይኸው መጣችላት። ዶልፊኗ ልጇን በአፏ ጫፍ ወደ ላይ እየገፋች፣ ሲሰጥምባት ከሥሩ ገብታ እየመለሰችው፣ በእንግዳዋ አጠገብ ቀስ ብላ አለፈች።

«ሞቷል» አልኳት። «ልጇ ሞቷል። ይተነፍስ እንደሆነ ብላ ነው ወደ አየር የምታወጣው።»

ሴትዮዋ መነጽሯን መልሳ ዓይኗ ላይ አደረገች። እንባዋን እንዳላይባት መሰለኝ። እኔም ዞር አልኩላት።

ያቺን ዶልፊን ሸራፊት ነው የምንላት። የጀርባ ክንፏ እንደ ተሸረፈ ጥርስ ጫፉ ላይ ጎደል ስላለ ከሩቅ እንለያታለን። የሸረፈው ሞተር ነው። ልጇንም የገደለው ሞተር ነው። የማን ሞተር እንደሆነ ግን የመታው ሰውዬ ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ከጥቂት ቀናት በፊት ልጁ በተመታበት ጠዋት ባሕሩ በጀልባ እንደ ገበያ ቀን ተጨናንቆ ነበር።

ዶልፊኖች ሌሊቱን ሲያድኑ አድረው ጠዋት ወደ መንደራችን ወደ ኪዚምካዚ ዳርቻ የሚገቡት ሊያርፉ ነው። እኛም የምንደርስባቸው ያኔ ነው። ከዛንዚባር ከተማ ሆቴሎች እንግዶች በሚኒባስ ተጭነው ይመጣሉ፣ ጀልባ ላይ ይወጣሉ፣ አንዱ ነጂ ዶልፊን ሲያገኝ ሌላው ሁሉ ሞተሩን እያስጮኸ ይከተለዋል። ፊታቸውን ይዘጉባቸዋል። «ዝለል! ዝለል!» ይባላል፣ እንግዳውም በቁሙ አናታቸው ላይ ይዘላል። ደክሞት የተኛ ሰው መኝታ ቤት ሰተት ብሎ ገብቶ አልጋው ላይ መጨፈር ማለት ነው። ይህን ብዬ ስናገር «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» ይሉኛል። አላበዛሁትም።

ቩአይ ሞተሩን ሸጦ አባታችን ዓሣ ያጠምድበት የነበረውን፣ በሁለት ጎኑ የእንጨት ክንድ ያለውን ባለ ሸራ ታንኳ ሲያድስ መንደሩ ሳቀበት። እሱ ግን ምንም አልመሰለውም። ሸራውን አውርዶ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ እኔ እንግዶቹን ይዤ ውሃ ውስጥ እገባለሁ። አንዳንድ ቀን ምንም ሳናይ እንመለሳለን። አንዳንድ ቀን ደግሞ ራሳቸው መጥተው ታንኳችን ሥር ይተኛሉ። ሸራፊትም ልጇን ከወለደች በኋላ መጀመሪያ ያመጣችው ወደ እኛ ነበር። ያን ቀን ቩአይ እንደ አዲስ አጎት ሲኩራራ ዋለ።

እና ያን ጠዋት፣ እንግዳዋ በመነጽሯ ውስጥ እያለቀሰች ሳለ፣ የሞተር ድምፅ ሰማን። ፓንዱ ነው። ፓንዱ የአክስታችን ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ክፉ አይደለም። ከኋላው ሌሎቹም ተከትለውታል።

«ቩአይ! አገኘሃት? ዕድሜ ይስጥህ!» አለና ወደ እንግዶቹ ዞረ። «ዛሬ አትጠልቅም! ቀስ ብላ ነው የምትሄደው! ዝለሉ፣ ዝለሉ!»

እውነቱን ነው፤ አትጠልቅም። ሬሳ ተሸክማ እንዴት ትጥለቅ? ከጠለቀች ልጁ ያመልጣታል። ሰዉ እየተንጫጫ በላይዋ ተረባረበ። አንዱ ጎረምሳ ክንፏን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። እሷ ልጇን እየገፋች ወደ ቀኝ ስትል ጀልባ፣ ወደ ግራ ስትል ጀልባ። ቩአይ እየቀዘፈ መሃል ገባና ታንኳውን በእሷና በጀልባዎቹ መካከል ገተረው።

«አንተ ሰውዬ፣ ባሕሩን አባትህ ነው እንዴ ያወረሰህ?» አለ ፓንዱ።

«አባቴ ቢያወርሰኝማ አንተን መች አስገባህ ነበር!»

«ዞር በል ወንድሜ፣ እንጀራ ነው።»

«ልጇ ሞቶባት ነው፣ ፓንዱ! ዓይን የለህም?»

«አያለሁ እንጂ! እኔ ገደልኩት? ምን ላድርግ፣ እነዚህን ሰዎች ይዤ ልመለስና ሐዘን ላይ ናት ልበላቸው?»

ሰዎቹ እስኪጠግቡ ድረስ አልሄዱም። ሸራፊት ደግሞ መሄድ አልቻለችም።

በእኛ መንደር ሬሳ ቤት ውስጥ እያለ ጀልባ ወደ ባሕር አይወርድም። የሞተው ሽማግሌም ይሁን የተወለደ ዕለት የሞተ ሕፃን፣ ቀብሩ እስኪፈጸም ሸራውም ሞተሩም አሸዋ ላይ ይቆያል። ማንም ተቆጣጣሪ ሳያስፈልገው እስካሁን የጸና ነገር ቢኖር ይኸው ነው። በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ወንዶቹ መስጊዱ አጠገብ ያለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ሳለ ቩአይ ቆሞ ይህን ጠየቃቸው። እኔ ለገበያ ከማደርቀው የባሕር ሣር ጋር ከግንቡ ወዲህ ቆሜ እሰማለሁ።

«ልጇን እስክትጥለው ድረስ አንውረድ» አላቸው። «ሌላ ነገር አልጠይቃችሁም። ሬሳ ይዛ ነው ያለችው። እኛ ሬሳ ባለበት ቀን አንወርድም።»

ከዚያ ፓንዱ አፉን ከፈተ።

«እሺ፣ ዛሬ ለዓሣ ለቅሶ ተቀመጥን እንበል። ነገ ለኦክቶፐስ ሰደቃ አውጡ ልትለን ነው?»

መደቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልስቅ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። ሽማግሌው ኡሲ ብቻ አልሳቁም።

«ልጄ ቩአይ» አሉት፣ «ልብህ መልካም ነው። ግን ሰው አይደለችም። ወጉ የተሠራው ለሰው ነው።»

«ወጉን ማን ሠራው፣ አባባ? እኛው አይደለንም?»

«እኛው ነን። አሁን ደግሞ እንግዳው እየጠበቀ ነው።»

ወደ ቤት ስንመለስ ቩአይ ከፊቴ ከፊቴ እየተራመደ ነበር። ድንገት ቆመ።

«ካልተቀበረ አትተወውም» አለ።

«ማን?»

«ሸራፊት ናታ! እማዬን አታስታውሺም? ማካሜ ሲሞት?»

አስታውሳለሁ። ማካሜ ታናሻችን ነበር፤ ገና ጥርስ ሳያወጣ ነው የሞተው። እናታችን አቅፋው ቀረች። ጡቷን ታጎርሰዋለች፣ ቀና አድርጋ ትይዘዋለች፣ ሴቶቹ ቢለምኗት አልሰጥም አለች። በመጨረሻ አባታችን ገብቶ ከእቅፏ ወሰደው። እንዴት እንደጮኸች! ከቀብር ሲመለሱ ግን ውሃ ጠጣች። ማታ ደግሞ ትንሽ ካሳቫ ቀመሰች። ቩአይ ያችን ካሳቫ ሲያቀርብላት የነበረ ልጅ ነው፤ ከአእምሮው የወጣች አይመስለኝም።

«ሲወሰድባት ነው የዳነችው» አለኝ። «አንድ ሰው መውሰድ አለበት።»

«እማዬ እኮ የት እንደተቀበረ ታውቅ ነበር» አልኩት።

መንገዱን ቀጠለ። ያዘነ ሰው የማይፈልገውን ነገር ጆሮው ውስጥ አያስገባም። እኔም አልደገምኩለትም። እንዲህ ያለ ሰው እልኸኛ ነው፤ ብደግምለትም ሐሳቡን አይቀይርም ነበር።

በማግሥቱ ሌሎቹ ሳይነሡ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ወጣን። እንግዳ አልያዝንም። ሸራውን ሲያወርድ ወዲያው መጣች፤ ታንኳችንን ታውቀዋለች። ልጁ ቆዳው መላላጥ ጀምሯል፣ ሽታውም ተለውጧል። እሷ ግን አሁንም በአፏ ጫፍ ደገፍ፣ ቀና። ቩአይ እንደ ድመት ድምፅ ሳያሰማ ወደ ውሃው ገባ። ለእንግዳ ሁሉ «አትንኩ» ሲል የኖረ ሰው ሁለት ክንዱን ዘርግቶ ሕፃኑን ከአዋላጅ እጅ እንደሚቀበል አባት ተቀበለው።

ሰጠችው። አልታገለችውም። መልሶ የሚሰጣት መስሏት ይሁን፣ ሊያስተነፍስላት መስሏት ይሁን፣ እኔ እንጃ። ልጁን ወደ ታንኳው ሲያወጣው ግን ጮኸች። ቀጭን ነው ድምፃቸው፣ እንደ ፉጨት። ሸራውን ዘርግተን ወደ ባሕሩ ዳር ስንመለስ እስከ ኮራሉ፣ ባሕሩ ውስጥ እስካለው አለት ድረስ ተከተለችን፤ ውሃው ጥልቀት ሲያጣ ቆመች። እኔ ወደ ኋላ አላየሁም። ቩአይም «አትይ» አለኝ።

በአሮጌ ሸራ ጠቅልለን ከኮኮናቱ ሥር ቀበርነው። ከፈን ብለን አልጠራነውም፤ ኢማሙ ቢሰማ ይቆጣል። ቩአይ አፈሩን በእጁ ደለደለ፣ እጁን ታጠበ፣ ቤት ገብቶ ካሳቫውን በኮኮናት ወጥ አጥግቦ በላ። ስንት ቀን እህል አስጠልቶት ነበር።

«አሁን ትሄዳለች» አለኝ። «ጥልቁ ውሃ ውስጥ ከቤተሰቦቿ ጋር ትቀላቀላለች። ታያለሽ።»

አየሁ። በማግሥቱ ሸራፊት አልሄደችም፤ ልጇን እየፈለገች ነበር። ልጇን ታንኳ ወስዶባታልና ጀልባ ሁሉ ጋ ትሄዳለች። ጭንቅላቷን አውጥታ እያንዳንዱን ጀልባ በጎኑ ታያለች፣ ግርጌውን በአፏ ትገፋለች፣ ትዞራለች፣ ደግሞ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ሞተሩ ቢጠፋም ባይጠፋም አትሸሽም። ድሮ የሞተር ድምፅ ስትሰማ ትጠልቅ የነበረች ፍጥረት! እንግዳው አበደ። «ሰው የምትወድ ዶልፊን» የሚል ወሬ ከተማ ድረስ ደረሰ፣ ሚኒባሱ በዛ፣ ጀልባው በዛ። በየቀኑ ጀርባዋ ላይ አዲስ ጭረት አይ ነበር።

ቩአይ ሰውነቱ አለቀ። ወንዶቹን እንደገና ሊለምን ሄደ፤ አሁን ደግሞ ማን ይሰማዋል? ፓንዱ እንኳ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አንተ እኮ ነህ ያለመድካት፣ እናመሰግንሃለን» አለው። ለማሾፍ ብሎ አይደለም፤ ምስጋናው የምሩን ነበር። ከዱላ የከፋ ምስጋና ነው።

«ሰው መፍራት አለባት» አለኝ ቩአይ። «ሰው ካልፈራች ትሞታለች።»

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ይህን ካለኝ በሁለተኛው ቀን አንድ ባልና ሚስት ይዘን ወጣን። የሚያስደስቱ ሰዎች ነበሩ፤ ውሃውን ይመርዛል ብለን ሳንነግራቸው በፊት የፀሐይ ቅባታቸውን አጥበው የመጡ። እንደ ደንቡ ሸራውን አወረድን፣ ዝም አልን፣ ጠበቅን። ሸራፊት መጣች። ታንኳውን አንዴ ዞረችው። ከዚያ ቩአይ በተቀመጠበት በኩል ጭንቅላቷን አውጥታ አገጯን ጠርዙ ላይ አሳረፈች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ልጇ የገባው በዚያ በኩል ነበር።

«መረጠችን» አለ ባልየው በሹክሹክታ። «አልሄድንባትም፤ ራሷ መረጠችን።»

ቩአይ መቅዘፊያውን አነሣ። መጀመሪያ ውሃውን መታው። አልነቃነቅ አለች። ሁለተኛ ጭንቅላቷን መታት።

«ሂጂ!» ብሎ ጮኸ። «ሂጂ አልኩሽ! አንቺ ጅል! እኔ ሰው ነኝ፣ አይታይሽም? ልጅሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ! ሂጂ፣ ያርዱሻል!»

ሚስትየዋ ጩኸቷን ለቀቀችው። ባልየው ዘሎ ክንዱን ሲይዘው ታንኳው ሊገለበጥ ደረሰ። ቩአይ ግን ታግሎ ደግሞ መታት፣ ደግሞም። ውሃው ቀላ። ከዚያ ጠለቀች። ቩአይ ቁጭ ብሎ መቅዘፊያውን እንዳቀፈ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፤ ሰዎቹ ደግሞ እንደ ነፍሰ ገዳይ ያዩታል። ልነግራቸው ሞከርኩ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ከዚያ ወዲያ በሆቴሎቹ ሁሉ ወንድሜ ስሙ «ዶልፊን የሚደበድበው ሰውዬ» ሆነ። ኃላፊነት የሚሰማቸው እንግዶች እንዳይሄዱበት እርስ በርስ ይመካከሩ ነበር አሉ።

ያንን ሁሉ ይቀበለው ነበር፣ እሷ ብትሄድ። ትምህርቱን ግን እሱ እንዳሰበው አልተማረችም። ሸራፊት ሰው መፍራት አልተማረችም፤ የተማረችው ሸራ መፍራት ነው። በቀጣዩ ቀን ባዶ ታንኳ ይዘን ስንወጣ ከሩቅ አየችንና ሸሸች። የሸሸችው ደግሞ ወደ ሞተሮቹ ነው። ቩአይ ሊከልላት ወደ እሷ ሲያዞር እሷ እየፈራች ፓንዱ ጀልባ ሥር ገባች። ፓንዱ ለጥቂት ሳይመታት ሞተሩን አጠፋው። ከባሕር ሁሉ አንድ የሚያድናት ታንኳ ቢኖር የእኛ ነበር፤ ከጀልባ ሁሉ የምትፈራው ደግሞ እኛን ብቻ ሆነ።

ቩአይ በዚያው ዞረ። ታንኳውን አሸዋው ላይ ጎትቶ አወጣው፣ ሸራውን ጠቀለለው። «እኔ በወጣሁ ቁጥር ወደ እነሱ እነዳታለሁ» አለኝ።

እኔ ፓንዱ ጀልባ ላይ ተቀጠርኩ። ፓንዱ ራሱ ነው የጠየቀኝ፤ ያ ነገር ሳያስደነግጠው አልቀረም። «እቴ ሚዛ፣ ሰዎቹን አንቺ ያዢልኝ» አለኝ። ያዝኩለት፤ እጃችሁን ሰብስቡ፣ አትንኩ፣ አትጩኹ። እኛ ስንጠነቀቅ ግን ሌሎቹ ጀልባዎች አልተጠነቀቁም፣ እሷም ጀልባ አትመርጥም። ከወንድሜ በስተቀር ማንንም አታልፍም።

ማታ ማታ ስመለስ ቩአይ ታንኳው ላይ ተደግፎ ይጠብቀኛል።

«ዛሬስ መጣች?»

«መጣች።»

ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። እራት አይበላም። ይህ ነበር ኑሯችን።

አንድ ዓርብ፣ እንግዶቹ የሚመጡት ከጁምዓ በኋላ ስለነበር፣ እኔና ፓንዱ ጠዋት ለራት የሚሆን ዓሣ እናገኝ እንደሆነ ብለን ብቻችንን ወጣን። ከኮራሉ ወዲያ አገኘናት። ጀርባዋ በሞተር ምላጭ ተተልትሏል፣ ወፎች ተቀምጠውባታል። የተሸረፈው ክንፏ ባይኖር ሌላ ናት ብዬ ራሴን ባታለልኩ ነበር። ፓንዱ ሞተሩን አጠፋና ኮፍያውን አወለቀ። ቀልድ ጠብቄ ነበር፤ ቢቀልድ ባንቀው ደስ ባለኝ። አልቀለደም።

«የእኔ ሞተር አይደለም» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «እኔ እንጃ፣ ሚዛ። ትናንት አንድ ነገር የነካሁ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ዝም በል፣ ፓንዱ።»

«ቩአይ እንዳያውቅ። እባክሽ። ይሞታል።»

የመልሕቁን ድንጋይ ፈትተን ጅራቷ ላይ አሰርን፣ ወደ ጥልቁ ጎትተን ለቀቅናት። ልጇ ከኮኮናት ሥር፣ እሷ ከባሕር ሥር። አልጸለይኩም። ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ።

«ዛሬስ መጣች?» አለኝ ማታ።

«አልመጣችም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። በማግሥቱም ጠየቀኝ፤ አልመጣችም። በሚቀጥለውም ቀን። ሳምንት ሊሞላ ሲል ከታንኳው ላይ ብድግ ብሎ ሁለት እጄን ያዘኝ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

«ሄደች! ሚዛ፣ ሄደች እኮ! አልሐምዱሊላህ! በስተኋላ ገብቷታል፤ ሰው ምን እንደሆነ ገብቷታል። መትቼ አዳንኳት!»

«አዎ» አልኩት።

«ሚስትየዋ ስትጮህብኝ ልቤ ደምቶ ነበር። እጄ ይቆረጥ ብዬ ነበር። ግን ይኸው!»

በዚያች ማታ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። ጠዋት ሸራውን ፈትቶ አሸዋው ላይ ዘረጋው፣ አይጥ የበላውን ቀዳዳ መጥቀም ጀመረ። እሷ ከሌለች ሌሎቹን መጠበቅ እንችላለን አለኝ፣ ሌሎቹ ሸራ አይፈሩም፣ የሚወልዱም ይኖራሉ፣ እንደ ድሮው ዝም ብለን እንጠብቃቸዋለን አለ። ወሬው አላልቅ አለው። መርፌውን ሲያጠልቅ ጨርቁ በነፋሱ እየተነሣ አስቸገረው።

«ምን ትገተሪያለሽ፣ ነይ ያዢልኝ እንጂ» አለኝ።

ሄጄ ጫፉን ያዝኩለት።